ባዶ እጅ በልብ ወለድ ድርሰት

ባለፈው ዓመት በደብረ ታቦር ከተማ የሚገኝ አንድ የተማሪዎች የሥነ ጽሑፍ ክበብ ለውድድር የቀረቡለትን ድርሰቶች እንድመረምርለት ስለ ጠየቀኝ፥ ዐሥራ ሰባት የእጅ ጽሑፎች ተሸክሜ ወደ ቤቴ ገባሁ። ዐሥራ ስድስቱ ስለ እናት ፍቅር፥ ስለ ትምህርት ጥቅምና ስለ ከተማ ኑሮ አስቸጋሪነት የሚናገሩ ነበሩ፤ ዐሥራ ሰባተኛው ግን ዘመኑን 3000 ዓ.ም.፥ ቦታውን ጋፋት ያደረገ ነበር። ጋፋት ለደብረ ታቦር ሰው እንግዳ ስም አይደለም። ዐፄ ቴዎድሮስ የአውሮፓ ሚሲዮናውያንንና የእጅ ባለ ሙያዎችን አስቀምጠው ሴባስቶፖል የተባለውን መድፍ ያሠሩበት ስፍራ ነው፤ መድፉም በ1860 ዓ.ም. በሰው ጉልበት እየተጎተተ ወደ መቅደላ ሄዷል። ወጣቱ ደራሲ ይህን ታሪክ ገልብጦታል። በእርሱ ድርሰት ከሰማይ የወረዱ ማሽኖች ከማረሻ እስከ መርፌ ያለውን ብረት ሁሉ ለቅመው ወስደዋል፤ ብረት ይዞ የተገኘ ሰው ይገደላል፤ ለማሽኖቹ ያደሩ ዘበኞችም በየመንደሩ እየዞሩ ይፈትሻሉ። ለአገሩ ሰው የቀረው መሣሪያ እንግዲህ ሁለት እጁ ብቻ ነው። ጀግናውም በዋሻ ከሚኖሩ አንድ መነኩሴ ዘንድ «እደ ኀፂን» የሚባል የውጊያ ጥበብ ይማራል፤ ይኸውም በግእዝ «የብረት እጅ» ማለት ነው። ብረት በጠፋበት አገር እጁን ብረት ብሎ መሰየሙ መልካም አሳብ ነበር።

እዚህ ድረስ በደስታ አነበብሁ። ከዚያ በኋላ ግን አራት ገጽ ሙሉ ውጊያ ተከተለ። ጀግናው ይዘላል፥ በአየር ላይ ይሽከረከራል፥ በአንድ እርግጫ ሦስት ዘበኛ ይጥላል፥ አራተኛውን በክርኑ፥ አምስተኛውን በጡጫው ይደግመዋል። ዐሥራ ሁለት ዘበኞች ተዘርረው ሲያበቁ እርሱ ላብ እንኳ አልወጣውም። እኔም ቀይ እርሳሴን አንሥቼ አራቱንም ገጾች ሰረዝሁና በኅዳጉ ላይ «ይህ ከፊልም የተቀዳ ነው። ጠፈሩን ትተህ ስለ አገርህ ጻፍ» ብዬ ጻፍሁበት። ልጁ ወረቀቱን በሁለት እጁ ተቀብሎ «እሺ ጋሼ» አለኝና ሄደ። በሚቀጥለው ውድድር ስለ መስከረም አበባ ግጥም አቀረበ፤ ግጥሙ ስሕተት አልነበረበትም፥ ነፍስም አልነበረበትም።

አሁን ይህን የምጽፈው፥ በዚያ ኅዳግ ላይ ካሰፈርኋቸው ሁለት ዐረፍተ ነገሮች የመጀመሪያው እውነት፥ ሁለተኛው ግን ስሕተት መሆኑን ዘግይቼም ቢሆን ስለ ተረዳሁት ነው።

ከፊልም የተቀዳ ነው ማለቴ ያለ ማስረጃ አልነበረም። «ስታር ዋርስ» በተባለው፥ በአውሮፓ አቆጣጠር ከ1977 ጀምሮ በሲኒማ፥ በመጽሐፍና በቪዲዮ ጨዋታ እየተስፋፋ በኖረው የጠፈር ልብ ወለድ ውስጥ «ቴራስ ካሲ» የሚሉት የባዶ እጅ ውጊያ አለ። ቃላቱ ከፊንላንድ ቋንቋ የተወሰዱ ናቸው፤ «ቴራስ» አረብ ብረት፥ «ካሲ» እጅ ማለት ነው። በ1996 ስቲቭ ፔሪ የተባለው አሜሪካዊ ደራሲ «የግዛቱ ጥላዎች» ብለን ልንተረጉመው በምንችለው መጽሐፉ ይህን ስም ለአንባቢ አስተዋወቀ፤ በ1997 «የቴራስ ካሲ ሊቃውንት» የሚል የፕሌይስቴሽን ጨዋታ ወጣ፤ በ2018 ደግሞ «ሶሎ» በተባለው ፊልም ስሙ እንደ ገና ተነሣ። እንግዲህ የጋፋቱ «እደ ኀፂን» ከዚያ የተወለደ መሆኑ ግልጥ ነው። ቃሉን በግእዝ መመለሱ ግን የልጁ ነው፤ ይህንም ያን ጊዜ ልመሰግነው ይገባኝ ነበር። ለፊንላንድ ሰው ሜዳ ላይ የወደቀ ተራ ቃል የሆነው፥ በግእዝ ሲነገር ከቅኔ ማሕሌት የወጣ ይመስላል።

የተፈጠረ ጥበብ በልብ ወለድ ውስጥ የሚጸናውና የሚፈርሰው በምን እንደ ሆነ ለማየት ይኸው የቴራስ ካሲ ታሪክ ጥሩ ምስክር ነው። የ1997ቱ ጨዋታ በወጣበት ጊዜ ሐያስያን አልወደዱትም፤ በኔም አስተያየት ጥፋቱ ከርእሱ ይጀምራል። ርእሱ የባዶ እጅ ሊቃውንትን አሳይሃለሁ ይላል። ነገር ግን ሉክ ስካይዎከር የብርሃን ሰይፉን ይመዛል፤ ሌላው ሽጉጡን ይተኩሳል። ያም ባልከፋ፥ በፊልሙ የሰው ክንድ የሚቆርጠው ያ ሰይፍ በጨዋታው ውስጥ ባላጋራን ደጋግሞ ሲመታ ውሎ እንደ ሽመል ይጥለዋል እንጂ አይቆርጠውም። በዚህ ሳቢያ ሰይፉም ረከሰ፥ እጁም ረከሰ። ሰው ሰይፍ ታጥቆ ሳለ ለምን በባዶ እጁ እንደሚዋጋ የሚነግረን ስለሌለ፥ ጥበቡ በስም ብቻ ቀረ።

በ2018ቱ ፊልም ግን ነገሩ ሌላ ነው። ኪራ የተባለችው ወጣት ሴት አንድ ባለጋራዋን በእጇ ከጣለች በኋላ፥ ይህን ጥበብ ያስተማራት ድራይደን መሆኑን ትናገራለች፤ ሌላ ነገር የለም፥ ወሬው ያልፋል። ተመልካቹ ግን ድራይደን ማን እንደ ሆነ ያውቃል። እርሱ የወንበዴዎች አለቃ፥ እርስዋም በእርሱ እጅ ያለች፥ መውጫ የሌላት አገልጋይ ናት። የታሰረ ሰው የሚያድንበትን እጅ ያገኘው ከአሳሪው ነው ማለት ነው! በመጨረሻም ኪራ ያንኑ መምህርዋን ትገድለዋለች፤ የምትገድለው ግን በተማረችው እጅ ሳይሆን በሰይፍ ነው። እኔ ይህችን አንዲት አጭር ንግግር ከጨዋታው ሁሉ አስበልጣለሁ፤ ስለ እጁ አሠራር ምንም ሳትነግረን፥ እጁ የማን ዕዳ እንዳለበት ነግራናለችና።

ሌሎችም አሉ። «ስታር ትሬክ» በተባለው የአሜሪካ ቴሌቪዥን ተከታታይ ድርሰት በ1966 በታየው አንድ ክፍል፥ ስፖክ የተባለው ባለ ሹል ጆሮ ሰው ባላጋራውን ከኋላ በመሣሪያው ራስ እንዲመታው ተጽፎ ነበር። የስፖክን ቦታ ይዞ ይጫወት የነበረው ሊዮናርድ ኒሞይ ግን፥ እንዲህ ያለው አመታት በእርጋታውና በአእምሮው ለሚመካው ለስፖክ ሕዝብ አይገባም ብሎ፥ በምትኩ አንገትና ትከሻ የሚገናኙበትን ቦታ በጣቶቹ ቆንጥጦ ማደንዘዝን አሰበ። ዛሬ ዓለም የሚያውቀው ያ ቁንጥጫ የተወለደው በዚህ ዓይነት ነው። ልብ በሉ፤ ጥበቡን የፈጠረው የጉልበት አሳብ አይደለም፥ የነውር አሳብ ነው። «ይህን ማድረግ ለኔ ዓይነቱ ሰው ነውር ነው» የሚል አንድ ሰው ባይኖር ኖሮ ጥበቡ ባልኖረም ነበር።

ፍራንክ ኸርበርት በ1965 ባሳተመው «ዱን» በተባለው ልብ ወለድ ደግሞ፥ ጄሲካ የምትባለው ወይዘሮ በበረሃ ውስጥ ያገኟትን ሰዎች አለቃ በባዶ እጅዋ ትይዘዋለች። አለቃውም ከመቆጣት ይልቅ ይህን ጥበብ ለሕዝቤ ብታስተምሪ መጠጊያ እሰጥሻለሁ ይላታል፤ ጥበቡ ወዲያው የውል ነገር ሆነ። ከዚያም ልጅዋ ጳውሎስ ከጃሚስ ጋር በጩቤ ይገጥማል። በጋሻ እየተከለለ መዋጋት የለመደ ስለ ሆነ እጁ ሊወጋ ሲደርስ ይዘገያል፤ ተመልካቾቹ ግን መዘግየቱን በሰው ላይ እንደ መቀለድ ይቈጥሩታል። ከገደለውም በኋላ የሟቹን ሚስትና ልጆች የመጠበቅ ዕዳ በትከሻው ይወድቃል። ውጊያው ጥቂት ገጽ ብቻ ነው፤ ጦሱ ግን ከዚያ ይረዝማል። ዴቪድ ሊንች በ1984 ይህን መጽሐፍ ወደ ፊልም ሲያዞረው የእጁን ጥበብ በድምፅ በሚሠራ መሣሪያ ተካው። ለዓይን የሚመች መስሎት ይሆናል፤ ነገር ግን መሣሪያን ማንም ሰው ሊያነሣውና ሊተኩሰው ስለሚችል፥ ከእናት ወደ ልጅ የሚተላለፈው የዓመታት ትምህርት ከታሪኩ ወጣ።

ይህን ሁሉ ለማሰብ ያበቃኝ ግን መጽሐፍም ፊልም አልነበረም። ነሐሴ 13 ቀን ለቡሄ ከደብረ ታቦር ወጣ ብሎ በጉና ተራራ ግርጌ ወደሚኖሩት ወደ እናቴ ወንድም ቤት ሄጄ ነበር። የከተማችን ስምና የበዓሉ ስም አንድ ስለ ሆነ በዚያ ቀን ከቤቱ የሚቀር ሰው የለም። ሌሊት ችቦ ሲበራ፥ ልጆች «ሆያ ሆዬ» እያሉ ሙልሙል ሲቀበሉ፥ ጅራፍ እንደ ጠመንጃ ሲጮኽ አመሸን። በማግሥቱ ከሰዓት በኋላ ከአጎቴ ጋር በመስኩ ዳር ተቀምጠን ሳለ፥ ዐሥራ አራት ዐሥራ አምስት ዓመት የሚሆናቸው ሁለት እረኞች ለትግል ተጠራሩ።

መጀመሪያ ያደረጉት ነገር እጅ መሰንዘር አልነበረም። ሁለቱም በትራቸውን ለሦስተኛ ልጅ ሰጡ፤ ሦስተኛው ልጅ ሁለቱን በትሮች በብብቱ ይዞ ዐሥር ርምጃ ያህል ራቀ። አጎቴ በአገጫቸው ወደ እርሱ እያመለከቱ «ዳኛው እሱ ነው። የተናደደ እንደ ሆነ ወደ በትሩ እንዳይሮጥ ነው» አሉኝ። እኔ ልጅ ሳለሁ ይህንኑ ብዙ ጊዜ አይቻለሁ፥ አንድ ሁለት ጊዜም በትር ይዤ ቆሜአለሁ፤ ነገር ግን ትርጕም እንዳለው አስቤው አላውቅም ነበር።

ከዚያ አንድ እጃቸውን በአንገት፥ አንድ እጃቸውን በወገብ ሰድደው ተያያዙ። መስኩ ዳገታማ፥ መሬቱም የነሐሴ ጭቃ ነበር። ትንሹ ልጅ እየተገፋ፥ እየተገፋ፥ የሸሸ መስሎ ወደ ላይኛው ወገን ዞረ፤ በዳገት ላይ ከላይ የቆመ ሰው ይከብዳልና። ትልቁ ከመሬት ሊያነሣው ሲጎትተው እግሩን ከኋላ አስገብቶ ጠለፈው። ተያይዘው ወደቁ። «ጣለው!» የሚሉም ነበሩ፥ «ጀርባው አልነካም፥ በጎኑ ነው!» የሚሉም ነበሩ፤ ክርክሩ ከትግሉ የረዘመ ሆነ። እንደ ገና ተያያዙ። በዚህ ጊዜ ትልቁ ስለ ተናደደ ክርኑን ወደ ትንሹ አገጭ ሰነዘረ፥ የትንሹም ከንፈር ደማ። ያን ጊዜ በመስኩ ላይ ያለው ሰው ሁሉ በአንድ ድምፅ «ነውር! ነውር!» አለ፤ ሁለት ጎልማሶችም በመካከላቸው ገብተው ገላገሏቸው። በትር ያዡ ልጅ ግን ከስፍራው አልተነቃነቀም። ይቅር ተባብለው እስኪሳሳሙ ድረስ በትራቸውን አልመልስም አለ። በዚህ መካከል ከብቶቹ ገብስ ውስጥ ገብተው ኖሮ ሁለቱ ባላጋራዎች ያለ በትር፥ ጎን ለጎን፥ እየተሳደቡ ሮጡ። አጎቴ እስኪያነባ ድረስ ሣቁ።

እንግዲህ አንባቢ ይፍረድ። ከዚህ ትግል ውስጥ አንድ ጠለፋና አንድ ክርን ብቻ ነው የተገኘው፤ ከፊልሙ ዝላይ ጋር ቢነጻጸር ከቁም ነገር የሚገባ አይደለም። ነገር ግን በዙሪያው ስንት ነገር አለ! በትሩን የሚይዝ አለ፤ የጀርባንና የጎንን ልዩነት የሚከራከር ሸንጎ አለ፤ ነውር የሚባል ድንበር አለ፤ ገላጋይ አለ፤ እርቅ አለ። ያ ድንበር ባይጠበቅ፥ ከከንፈር የፈሰሰው ደም ወደ አባቶች ቢሄድ ኖሮ፥ ነገሩ ከትግል ወጥቶ ጠብ ይሆናል፤ ጠብም ሽማግሌ፥ ካሣና ቂም ይወልዳል። መሣሪያ መያዝ በተለመደበት በእኛ ደጋ አገር ሰው በባዶ እጁ ሲገጥም ድካሙን መግለጡ አይደለም፤ እስከዚህ ድረስ ብቻ እሄዳለሁ ብሎ መማሉ ነው። ለዚህም ነው በትሩን ማስቀመጥ የትግሉ መጀመሪያ የሆነው።

ቋንቋችንም ይህን ያውቃል። ጡጫ፥ ጥፊ፥ እርግጫ፥ ጠለፋ፥ ግብግብ፥ ትንቅንቅ እያለ እያንዳንዱን በየማዕረጉ አስቀምጦታል። ከጣልያንኛ የመጣችው «ቴስታ» እንኳ ከመካከላቸው ገብታ ዜግነት አግኝታለች። ጥፊ ከጡጫ ይልቅ ቀላል ምት ነው፤ ግን በጥፊ የተመታ ሰው የሚያመው ጉንጩ አይደለም፥ ስሙ ነው። ከትንቅንቅ የሚደርስ ደግሞ ጨዋታውን የተወ፥ ነፍስ የሚፈልግ ሰው ነው። በተማሪው ድርሰት ውስጥ ዐሥራ ሁለት ዘበኞች ሲወድቁ አንድ እንኳ በጥፊ የተመታ የለም። ቢኖር ኖሮ፥ ያ አንዱ ዘበኛ በሚቀጥለው ምዕራፍ ጀግናውን ፍለጋ ሳይመጣ አይቀርም ነበር፤ ታሪክም የሚባለው ይኸው ነው።

እዚህ ላይ የራሴን ወገን ልውቀስ። እኔ ያደግሁት የከተማው ልጅ ሁሉ ሳንቲም እያጠራቀመ በቪዲዮ ቤት ወንበር ላይ ተጨናንቆ የኩንግ ፉ ፊልም በሚያይበት ጊዜ ነው። ከዚያ ወጥተን በየመንገዱ እግራችንን ወደ ሰማይ እየሰነዘርን ስንሄድ፥ የእረኛ ትግል የባላገር ነገር መስሎ ይታየን ነበር። ካደግን በኋላ ደግሞ ተገላብጠን፥ ወጣቱ ፊልሙን ሲጽፍ «ስለ አገርህ ጻፍ» እንለዋለን፤ አገር ስንል ግን የመስከረም አበባ ማለታችን ነው። ሁለቱም ያው ነው። ይስማዕከ ወርቁ በ2001 ዓ.ም. ባሳተመው «ዴርቶጋዳ» የጣናን ገዳማት ከሳይንስና ከስለላ ጋር አጋጥሞ በጻፈ ጊዜ ስንት አንባቢ እንደ ተሻማበት ሁላችንም አይተናል፤ ስለዚህ የአማርኛ አንባቢ ጠፈርን ይጠላል የሚል ሰው ቢኖር አይመነው። የጣና ምሥራቃዊ ዳርቻ ከደብረ ታቦር የአንድ ጧት መንገድ ነው። ጠፈር ከዚያ ሊነሣ የቻለው ከጋፋት የማይነሣበት ምክንያት ምንድን ነው?

ስለዚህ ለልጁ ልነግረው ይገባኝ የነበረው ጠፈሩን ተው ማለት አልነበረም። እንዲያውም ከድርሰቱ ሁሉ የጸናው ክፍል ጠፈሩ ነው። ብረት የተከለከለበት ዘመን ሰውን ሁሉ በትሩን እንዳስቀመጠ እረኛ ያደርገዋል፤ ልዩነቱ በጉናው መስክ ሁለቱ ወደው ማስቀመጣቸው፥ በጋፋት ግን ተገደው መነጠቃቸው ነው። ወዶ ያስቀመጠና የተነጠቀ እጅ አንድ ዓይነት ውጊያ አይዋጉም። ወዶ ያስቀመጠው ነውር ያውቃል፤ የተነጠቀው ግን ነውሩን ከየት ያመጣል? መነኩሴው ለጀግናው ሊያስተምሩት የሚገባው ምናልባት ይህን ነበር። በድርሰቱ ያስተማሩት ግን መዝለልና መርገጥ ብቻ ነው፤ አንዲት «ይህን አታድርግ» የምትል ቃል እንኳ ከአፋቸው አልወጣችም። መነኩሴ ሆነው ሳለ መከልከልን አለማወቃቸው ከሁሉ ይልቅ ያስደንቃል።

በቅርቡ ልጁን በገበያ መንገድ አገኘሁትና ያን ድርሰት እንዲያውሰኝ ለመንሁት። አፈር ብሎ፥ «ጋሼ፥ እሱን እኮ ትቼዋለሁ» አለኝ፤ ቢሆንም በሦስተኛው ቀን አመጣልኝ። በዚያው ምሽት ከሰረዝኋቸው አራት ገጾች የመጀመሪያውን እንደ ገና አነበብሁ። ከእርግጫውና ከዝላዩ መካከል፥ በችኰላ ያለፍሁት አንድ ዐረፍተ ነገር ነበር፤ ጀግናው መጀመሪያ የጣለው ዘበኛ የአጎቱ ልጅ መሆኑንና ሲወድቅም በልጅነት ስሙ እንደ ጠራው ይናገራል። ከዚያ ወዲያ ስለዚህ ዘበኛ የተጻፈ ምንም የለም፤ ሁለተኛው ዘበኛ ይመጣል። ቀይ መሥመሬ በዚያ ስም መካከል አልፏል፤ እርሳሱን ከሚገባ በላይ ተጭኜው ኖሮ ወረቀቱ ከዚያ ላይ ተቀዷል።